ታይቶ ያልታመነው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1663፣ በኤፕሪል ወር፣ ለንደን ውስጥ ሮበርት ሁክ የሚባል የ27 ዓመት ወጣት በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባላት ፊት አንድ የቡሽ ቁራጭ ይዞ ቀረበ። ሁክ ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር አዲስ ሙከራ አዘጋጅቶ እንዲያሳይ የተቀጠረ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜ የመረጠው የጠርሙስ መክደኛ የሚሠራበትን ተራ ቡሽ ነው። በተሳለ ምላጭ ከላዩ እጅግ ስስ ልጣጭ ገፈፈ፤ ቡሹ ነጣ ያለ ስለሆነ ጥቁር ነገር ላይ አስተኛው፤ ብርሃኑን በመስታወት አሰባስቦ አበራበትና በማይክሮስኮፑ ተመለከተው።

ድፍን የሚመስለው ቡሽ ድፍን አልነበረም። በስስ ግድግዳ የተለያዩ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎች ሞልተውበታል። ሁክ ከማር እንጀራ ጋር አመሳሰላቸውና “ሴል” ብሎ ጠራቸው። በአንድ ኩብ ኢንች ቡሽ ውስጥ ስንት እንደሚገኙ ሲያሰላ 1,259,712,000 ሆኑበት። ማይክሮስኮፑ ባያረጋግጥለት ኖሮ ነገሩ የማይታመን እንደሚሆን በመጽሐፉ ጽፏል። ሥዕሎቹን የያዘው መጽሐፍ “ማይክሮግራፊያ” በ1665 ወጣ። በማስታወሻ ደብተሩ የሚታወቀው የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ መጽሐፉን ገዝቶ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ሲያነብ አመሸ።

ሁክ ያየው የሞተ ተክል ግድግዳ ነበር። በእርጥብ አትክልት ውስጥ እነዚያው ክፍሎች ፈሳሽ ይዘው እንደሚገኙ ቢያስተውልም የሕይወት መሠረት ናቸው ብሎ አላሰበም። ነገር ግን “ማይክሮስኮፑ ባያረጋግጥልኝ” የሚለው አነጋገሩ ቀጥሎ የመጣውን ሦስት መቶ ስልሳ ዓመት ሁሉ ይከተለዋል። የሴልን ክፍሎች ካገኙት ሰዎች አብዛኞቹ የተቸገሩት በማየቱ አልነበረም። ያዩት ነገር በእርግጥ እዚያ እንዳለ፣ ሌንሱ ወይም ማቅለሚያው እንዳልፈጠረው ለሌላው ማሳመን ነበር ዕድሜያቸውን የበላው።

በደልፍት ከተማ፣ ሆላንድ ውስጥ፣ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ ምሁራን የሚጻጻፉበትን ላቲንም አያውቅም። መሣሪያው የሁክን አይመስልም፤ በሁለት ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች መካከል የተሰካች፣ ከአተር ያነሰች አንዲት ሌንስ ናት። ዓይኑን አስጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። እስከ ዛሬ ከተረፉት መሣሪያዎቹ ምርጡ አንድን ነገር 270 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል።

በ1676 ቁንዶ በርበሬ ምላስ የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ምናልባት በዓይን የማይታይ እሾህ ይኖረው ይሆናል ብሎ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ከሳምንታት በኋላ ከውሃው ጠብታ ወስዶ ሲያይ እሾህ የለም፤ ወዲያና ወዲህ የሚሯሯጡ፣ ለማመን የሚያዳግት ብዛት ያላቸው ሕያው ፍጥረታት አሉ። ኦክቶበር 9 ቀን 1676 በሆላንድኛ ረጅም ደብዳቤ ጽፎ ለለንደኑ ማኅበር ላከ። ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ከገለጹ ጽሑፎች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ለንደን ግን አላመነችም። የማኅበሩ ሰዎች ሊደግሙት ሞክረው ምንም አላዩም። ሌቨንሁክ አልተቆጣም፤ የሃይማኖት አባቶችንና ሌሎች የከተማውን የተከበሩ ሰዎች ቤቱ ጠርቶ በሌንሱ አሳያቸውና ያዩትን በጽሑፍ እንዲመሰክሩ አድርጎ ምስክርነታቸውን ላከ። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ ሁክ መጣ። ሁክ አዲስ መሣሪያ አዘጋጅቶ፣ ቁንዶ በርበሬውን ዘፍዝፎ፣ ጠብታዋን በቀጭን የብርጭቆ ቧንቧ ይዞ በኖቬምበር 1677 ለአባላቱ አሳየ። ፍጥረታቱ እዚያው ነበሩ። ስለ ሁክ ቁጡነትና ከሌሎች ጋር ስለ መጣላቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ያን ዕለት የሠራውን ከሁሉ አስበልጬ አከብርለታለሁ። የማያውቀውን የባዕድ ነጋዴ ቃል በገዛ እጁ ፈትኖ፣ እውነት ሆኖ ሲያገኘው እውነት ነው ብሎ ቆመለት።

ሌቨንሁክ እስከ 1723፣ ዘጠና ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማየቱን አላቋረጠም። ከገዛ ጥርሱ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር አየ፤ የወንድ ዘርን አየ፤ ቀይ የደም ሴሎችን አየ፤ በዓሣ የደም ሴል መካከል አንዲት ነጥብ እንዳለች እንኳ ሥሎ አስቀምጧል። ምርጦቹን ሌንሶች እንዴት እንደሚሠራቸው ግን ለማንም አልነገረም። ሲሞት ሙያው አብሮት ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ዓመት በፍጥነት ሊታለፍ የሚችል ነው። ሌንስ በተደራረበ ቁጥር ብርሃኑ ወደ ቀለማት እየተበተነ የሚታየውን ነገር ዳር ዳሩን በቀስተ ደመና ይከበው ነበር፤ ምስሉም ይደበዝዛል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብዙ ተመራማሪዎች ሥጋ ሁሉ፣ ጡንቻውም ነርቩም፣ እኩል መጠን ካላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች የተሠራ ነው ብለው ጽፈዋል። በቅንነት ያዩትን ነው የጻፉት፤ ድቡልቡሎቹን የሠራው ግን መጥፎው ሌንስ ነበር። ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ በትርፍ ሰዓቱ ይህን የቀለም መበተን የሚያርም የሌንስ አደራደር ሠራ። በ1827 ከሐኪሙ ቶማስ ሆጅኪን ጋር ሆኖ በአዲሱ መሣሪያ ሲመለከት ድቡልቡሎቹ ጠፉ። ቀይ የደም ሴልም ኳስ ሳይሆን ከሁለቱም ፊት መሐሉ ጎድጎድ ያለ ክብ ዝርግ ሆኖ ታየ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ መሣሪያ ያለው ሰው ከቀድሞው የበለጠ ተማምኖ መናገር ቻለ።

የሚገርመው ቀጣዩን ትልቅ ነገር ያገኘው ሰው የተጠቀመው እንደ ሌቨንሁክ ባለ አንድ ሌንስ ቀላል መሣሪያ መሆኑ ነው። ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን በወጣትነቱ አውስትራሊያን በመርከብ ከዞረው ጉዞ ጋር ሄዶ በሺህ የሚቆጠሩ ዕፅዋት ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ከኢትዮጵያ ዕፅዋት ጋርም ትውውቅ ነበረው፤ ሄንሪ ሶልት በ1805 እና በ1810 ከአገራችን ሰብስቦ የወሰዳቸውን አዳዲስና ብርቅ ዕፅዋት መርምሮ ዝርዝራቸውን ያዘጋጀው ብራውን ሲሆን፣ ዝርዝሩ በ1814 በታተመው የሶልት የሐበሻ ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል።

በ1831 ብራውን ኦርኪድ የተባሉት አበቦች እንዴት እንደሚራቡ እያጠና ሳለ በቅጠላቸው ቆዳ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተዋለ። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ከአካባቢው ደመቅ ያለ፣ ክብ የሆነ አንድ አካል አለ። በአንዱ ሴል ሁለት አይሆንም፤ በሌላውም አይጠፋም። ኒውክሊየስ ብሎ ሰየመውና በኖቬምበር ወር ለለንደኑ የሊኒየስ ማኅበር አነበበ። ሌቨንሁክ ያቺን ነጥብ ከብራውን በፊት አይቷል፤ ሠዓሊው ፍራንዝ ባወርም ሥሏታል፤ ብራውንም ለባወር ተገቢውን ምስጋና ሰጥቷል። የብራውን ሥራ ነጥቧ በአንድ ሴል ብቻ የታየች እንግዳ ሳትሆን በየሴሉ የምትገኝ መሆኗን ማስተዋሉ ነው። ምን እንደምትሠራ ግን አልገመተም፤ ከሚያየው በላይ የማይናገር ጥንቁቅ ሰው ነበር።

ለመገመት የቸኮለው ማቲያስ ሽላይደን ነው። ሽላይደን ሃምቡርግ ውስጥ ጠበቃ ነበር፤ በሥራው ተስፋ ቆርጦ ራሱን በጥይት ግንባሩ ላይ መትቶ ተረፈ፤ ሕግን ትቶ ወደ ዕፅዋት ጥናት ዞረ። በ1838 በርሊን ውስጥ ባሳተመው ጽሑፍ ተክል ሁሉ ከሴሎች የተሠራ እንደሆነ፣ ኒውክሊየስም ለሴል መወለድ ዋና ነገር እንደሆነ አስረዳ። አንድ ቀንም አብሮት ምሳ ከበላው ከቴዎዶር ሽቫን ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ተጫወተ። ሽቫን በዮሐንስ ሙለር ቤተ ሙከራ እንስሳትን የሚያጠና ጸጥተኛ ወጣት ነበር። ሽላይደን ስለ ተክል ኒውክሊየስ ሲያወራ ሽቫን በእንቁራሪት እጭ ጀርባ በሚያልፈው ልል ዘንግ ውስጥ ያንኑ ዓይነት ነገር ማየቱ ትዝ አለው። ሁለቱም ተነሥተው ሽቫን ወደሚሠራበት ክፍል ሄደው ተመለከቱ፤ ሽላይደንም ያው ነው ብሎ መሰከረለት። በ1839 የሽቫን መጽሐፍ ወጣ። ጥፍር፣ ላባ፣ ጡንቻ፣ አጥንት፣ ጥርስ፣ እንቁላል፣ ሁሉም ወይ ሴል ነው ወይ ከሴል የመጣ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፍና ሰው በአንድ ሕግ የተሠሩ ሆነው ተገኙ፤ ይህ በእኔ ግምት የሥነ ሕይወት ታላቁ ዐረፍተ ነገር ነው።

ግን ሁለቱም አንድ ነገር ተሳስተዋል። አዲስ ሴል የሚወለደው በፈሳሽ ውስጥ፣ ክሪስታል በጨው ውሃ ውስጥ እንደሚበቅለው፣ መጀመሪያ ኒውክሊየሱ ረግቶ፣ ከዚያ ሽፋኑ በዙሪያው አድጎ ነው ብለው አስተማሩ። የስማቸው ክብደት ስሕተቱን ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል አቆየው።

ስሕተቱን የሰበረው ሮበርት ሬማክ ነው፤ በእርሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሬማክ ፖዘን ከሚባል አገር ወደ በርሊን የመጣ አይሁዳዊ ነበር። በፕሩሲያ ሕግ አይሁዳዊ በዩኒቨርሲቲ ማስተማር አይፈቀድለትም፤ ክርስትና የተነሣ ግን ይችላል። ብዙዎች ተነሡ፤ ሬማክ እምቢ አለ። ለዓመታት ያለ ደመወዝ፣ በሽተኛ እያከመ በሚያገኘው ገቢ እየኖረ ምርምሩን ቀጠለ። ለንጉሡ ቀጥታ አቤቱታ አቅርቦ፣ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትም ተናግሮለት በ1847 እንዲያስተምር ተፈቀደለት። በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ሆነ።

ሬማክ በ1841 በጫጩት ጽንስ ደም ውስጥ አንድ ሴል ሁለት ሲሆን አይቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ ጊዜ አዋጅ ያስነግር ነበር። ሬማክ ራሱን ተጠራጠረ፤ ሁለት ተጣብቀው የቆሙ ሴሎችን አይቼ ሊሆን ይችላል አለ። ሴሉን በመሐል መንገድ ላይ አጠንክሮ የሚያቆም ኬሚካል እየፈለገ፣ ከጫጩት ደም ወደ እንቁራሪት እንቁላል እየዞረ አሥር ዓመት ሠራ። በ1852 እርግጠኛ ሆኖ ጻፈ፤ የእንስሳ ሴል ሁሉ የሚመጣው ከሌላ ሴል መከፈል ነው፤ ሴል ከፈሳሽ ይረጋል ማለት ሕይወት ከምንም ይበቅላል ከማለት አይለይም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሩዶልፍ ፊርኾው የተባለው ዝነኛ ሐኪም ሴል ሁሉ ከሴል ይመጣል የሚለውን በአንድ አጭር የላቲን አባባል አሳጥሮ አወጣው። የሬማክን ስም አልጠራም። በ1858 ያሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በመላው ዓለም አሰራጨው፤ በሽታ ማለት የሴል መታመም ነው የሚለው ዛሬ ሐኪሞች የሚሠሩበት መሠረት ከዚያ የመጣ ነው። ይህ የፊርኾው ታላቅነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ሬማክ ስሙ መዘለሉን በደብዳቤ ወቅሶታል፤ ወቀሳውም ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ በብዙ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ሽላይደን፣ ሽቫን፣ ፊርኾው ተብሎ ሲቆጠር አሥር ዓመት ራሱን ሲጠራጠር የኖረው ሰው ይቀራል። ሬማክ ሙሉ ፕሮፌሰር ሳይሆን በ1865 ሞተ።

እንግዲህ ሴል ከሴል ከመጣ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምንድን ነው? በ1869 ቱቢንገን ከተማ፣ በኮረብታው ላይ ባለው ቤተ መንግሥት የቀድሞ ኩሽና ውስጥ ፍሪድሪክ ሚሸር የተባለ ወጣት የስዊዝ ሐኪም ከሆስፒታል የተጣለ የቁስል ፋሻ እያጠበ መግል ይሰበስብ ነበር። ጆሮው በሕመም ስለደከመ በሽተኛ ማዳመጥ ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ ነው ወደ ኬሚስትሪ የዞረው። መግል በነጭ የደም ሴል የተሞላ ነው። ሚሸር ከአሳማ ጨጓራ ባወጣው ፔፕሲን ፕሮቲኑን አስፈጭቶ ኒውክሊየሱን ለየ፤ በውስጡም ፎስፈረስ የበዛበት፣ በፕሮቲን ውስጥ የሚገኘው ድኝ የሌለው፣ የማይታወቅ ነገር አገኘ። ኑክሊን አለው። አለቃው ፊሊክስ ሆፐ ዛይለር አላመነውም። ሙከራውን ሁሉ ራሱ ደግሞ እስኪሠራ ጽሑፉን አቆየው፤ በ1871 ታተመ። ኑክሊን የተባለው ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ነው።

በኪል ከተማ ደግሞ ቫልተር ፍሌሚንግ የጨርቅ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸውን አዳዲስ ማቅለሚያዎች በሳላማንደር እጭ ሴሎች ላይ አፈሰሰ። ሳላማንደር የተመረጠው ሴሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ነው። ማቅለሚያው ኒውክሊየስ ውስጥ ያለውን ነገር አጥብቆ ያዘ፤ ሴሉ ሊከፈል ሲል ያ ነገር ወደ ክሮች ሲሰበሰብ፣ ክሮቹ ቁመታቸውን ለሁለት ሲሰነጠቁና ወደ ሁለቱ ጫፎች ሲሄዱ ታየ። በ1882 ባወጣው መጽሐፍ ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል አስቀመጣቸው። ማቅለሚያው ያመጣው ነው እንዳይባል በሕያው ሴል ላይም እየተከታተለ አረጋግጧል። ክሮቹ በ1888 ክሮሞዞም ተባሉ።

ማቅለሚያ ግን እንደ ሌንስ ሁሉ ሊያታልል ይችላል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግማሽ መቶ ዓመት ክርክሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው። ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ሚላን አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ፣ የማይድኑ ሕሙማን በሚኖሩበት ሆስፒታል ሐኪም ሳለ፣ እርሱም ኩሽና ውስጥ፣ ከብር ጨው የተሠራ ማቅለሚያ ፈጠረ። ማቅለሚያው ከመቶ የነርቭ ሴል ጥቂቱን ብቻ መርጦ ከሥር እስከ ጫፍ ያጠቁረዋል። በ1898 ፓቪያ ውስጥ ይህንኑ ዘዴ እያሻሻለ ሲሠራ በነርቭ ሴል ውስጥ በኒውክሊየሱ ዙሪያ የተጠላለፈ መረብ አየ። ብዙዎች አይተውታል፤ ብዙዎችም አጥተውታል። ማቅለሚያው አንድ ቀን ይሠራል፣ በማግሥቱ አይሠራም። ስለዚህ “የጎልጂ መረብ የብር ዝቃጭ ነው” የሚሉ በረከቱ። ጎልጂ በ1926 ሲሞት ክርክሩ አላበቃም ነበር።

በዚያው ዘመን ሪካርድ አልትማን በሴል ውስጥ የተበተኑ ቅንጣቶችን አሳይቶ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሕያዋን ናቸው እስከማለት ደረሰ። ሰው ሳቀበት። ካርል ቤንዳ በ1898 ቅንጣቶቹን ማይቶኮንድሪያ ብሎ ሰየማቸው። የሴል ሽፋን ደግሞ ተቃራኒ ዕጣ ነበረው፤ ማንም ሳያየው ታመነ። በ1925 ሆላንዳውያኑ ጎርተርና ግሬንዴል ከቀይ የደም ሴሎች ስቡን አውጥተው ውሃ ላይ ሲያሰጡት የሸፈነው ስፋት ከሴሎቹ ስፋት እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ሽፋኑ በሁለት ድርብ የተሰለፈ ስብ ነው አሉ። በሥራቸው ሁለት ስሕተት ነበር፤ ስቡን ሁሉ አላወጡም፤ የሴሉንም ስፋት አሳንሰው ለክተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክለኛውን መልስ ሰጡ።

ሽፋኑን ማየት ያልተቻለው በብርሃን ባሕርይ ምክንያት ነው። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ 200 ናኖሜትር ከማይሞላ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ አያሳይም። የሴል ሽፋን ውፍረት ግን ከ7 እስከ 10 ናኖሜትር ነው። በርሊን ውስጥ ኤርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል በ1931 በብርሃን ፈንታ በኤሌክትሮን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሠሩ። ችግሩ ኤሌክትሮን የሚጓዘው አየር በሌለበት ነው፤ ስለዚህ የሚታየው ነገር መድረቅና እጅግ ስስ መሆን አለበት። ሴል ደርቆ፣ በኤሌክትሮን ተደብድቦ ምን ይቀረዋል?

ይህን ጥያቄ በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም የያዘው አልበርት ክሎድ ነበር። ክሎድ የቤልጅየም ገጠር ልጅ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ ካንሰር ወሰደበት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልጨረሰም፤ ብረት ፋብሪካ ሠርቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉት የተሰጠ ልዩ ፈቃድ ነው ዩኒቨርሲቲ በር የከፈተለት። የካንሰርን መንስኤ ፍለጋ የዶሮ ዕጢ ሴሎችን እየፈጨ በሚሽከረከር ማሽን ያዘቅጣቸው ነበር። በዝግታ ሲሽከረከር ኒውክሊየሱ ይዘቅጣል፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ማይቶኮንድሪያው፤ እጅግ ሲፈጥን ከዚያ የሚያንሱ ቅንጣቶች። አንዳንዶች ሴልን እንዲህ ፈጭቶ ምን ዓይነት ዕውቀት ይገኛል ብለው ነቅፈውታል። ክሎድ ግን የሴልን ክፍሎች ለየብቻ ብርጭቆ ውስጥ ይዞ ሥራቸውን መጠየቅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ።

በ1945 ክሎድ ከኪት ፖርተርና ከኧርነስት ፉላም ጋር የመጀመሪያውን የሙሉ ሴል የኤሌክትሮን ፎቶግራፍ አሳተመ። ሴሉ የተወሰደው ከጫጩት ጽንስ ነው፤ በመስታወት ላይ ሲያድግ ዳሩ እጅግ ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ተመረጠ። በፎቶግራፉ ላይ ማይቶኮንድሪያ ይታያሉ፤ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው ዳንቴል የመሰለ መረብም በሴሉ ውስጥ ተዘርግቷል። ፖርተር ይህን መረብ ተከታተለና ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም አለው።

በ1946 ከሮማኒያ የመጣ ጆርጅ ፓላዴ የሚባል ሐኪም ተጨመረ። በ1949 ፓላዴና ክሎድ ባሳተሙት ጽሑፍ የጎልጂ መረብ የለም፣ ኬሚካሉ የሚፈጥረው ነው ብለው ፈረዱ። ጥንቁቆች ነበሩ፤ ምክንያታቸውም ከሙከራ የተነሣ ነው። ግን ተሳስተዋል። በ1954 ዳልተንና ፌሊክስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የጎልጂን መረብ ተደራርበው የተቀመጡ ጠፍጣፋ ከረጢቶች አድርገው አሳዩት። ከዚህ ቀጥሎ የሆነው የዚህ ታሪክ ከሚያስደስቱኝ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ጎልጂ ምን እንደሚሠራ ለዓለም ያሳየው ያው ፓላዴ ሆነ።

ፓላዴ መጀመሪያ በሬቲኩለሙ ላይ የተለጠፉ 25 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አገኘ፤ ራይቦዞም የሚባሉት፣ ፕሮቲን የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ከዚያም በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ለጊኒ ፒግ ቆሽት ሴሎች ጨረራ ያለው የፕሮቲን ጥሬ ዕቃ ለአጭር ጊዜ ሰጥቶ ጨረራው የት እንደሚደርስ በየደቂቃው ተከታተለ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ራይቦዞም የተለጠፈበት ሬቲኩለም ውስጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጎልጂ ውስጥ ታየ። ከዚያ ወደ ማከማቻ ከረጢቶች ገባ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከሴሉ ወጣ። ምሳ ስንበላ ቆሽታችን የሚያፈስሰው የምግብ መፍጫ ፕሮቲን ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋል።

በቤልጅየም ሉቨን ክርስቲያን ደ ዱቭ ደግሞ ሳያይ አገኘ። በ1949 ኢንሱሊን በጉበት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ሲያጠና በአይጥ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ከሚጠበቀው አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ እየሠራ ተገኘ። ናሙናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው ከአምስት ቀን በኋላ ሲለኩት ኢንዛይሙ ሙሉ ኃይሉን አገኘ። ሌላው ቢሆን ልኬቱ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ነበር። ደ ዱቭ ኢንዛይሙ በከረጢት ተዘግቶ ነበር፣ ከረጢቱ ሲቀደድ ነው የወጣው ብሎ አሰበ። በ1955 ላይዞዞም ብሎ ሰየመው፤ በዚያው ዓመት አሌክስ ኖቪኮፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶግራፍ አነሣቸው። ያረጀ የሴል ክፍል የሚፈጨው በላይዞዞሞች ውስጥ ነው፤ አንዱ ኢንዛይማቸው ሲጎድልም ሕፃናትን ከባድ የዘር በሽታ ይይዛቸዋል። ክሎድ፣ ፓላዴና ደ ዱቭ በ1974 አብረው ኖቤል ተሸለሙ።

አልትማን የተሳቀበት ሐሳብ በ1967 ተመለሰ። ሊን ማርጉሊስ፣ በወቅቱ ሊን ሴጋን ትባል ነበር፣ ማይቶኮንድሪያና የዕፅዋቱ ክሎሮፕላስት በጥንት ዘመን ወደ ሌላ ሴል ገብተው የቀሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚል ጽሑፍ አሳተመች። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አሥራ አምስት ያህል መጽሔቶች መልሰውታል። ሐሳቡን ከእርሷ በፊት ሩሲያዊው ሜሬዥኮቭስኪ በ1905 ስለ ክሎሮፕላስት ተናግሮታል፤ እርሷ ግን አዲስ ማስረጃ ነበራት፤ በ1962 በክሎሮፕላስት ውስጥ፣ በ1963 በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የራሳቸው ዲኤንኤ ተገኝቷል። በ1970ዎቹ የዘር ፊደላቸው ሲነበብ ዘመዶቻቸው ባክቴሪያዎች ሆነው ተገኙ። በ1981 የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ሙሉ በሙሉ ሲነበብ 16,569 ፊደል ርዝመት ነበረው፤ ይህም ከእናት ብቻ የሚወረስ ነው።

የሴል ክፍሎች ዝርዝር በዚህ የተዘጋ መስሎ ነበር። በ1998 ጆናታን ዜር ከፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ የሆነ አጭር ዲኤንኤ አገኘ፤ ባለቤቱን ግን አላየውም። በጃፓን የኮቺ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኪዮኮ ሃጊኖ ያንን ባክቴሪያ የሚሸከመውን የባሕር አልጌ በቤተ ሙከራ ለማሳደግ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ባሕር ወርዳ ናሙና ቀዳች። ተሳካላት። ባቄላና ሽምብራ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎችን በሥሮቻቸው ያስጠጋሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ግን ባክቴሪያ ሆነው ይቀራሉ። በአልጌው ውስጥ ያለው ከዚያ አልፏል። በ2024 በወጣው ጥናት አልጌው ሲከፈል እርሱም አብሮ በሰዓቱ ይከፈላል፤ የሚያስፈልጉትን በርካታ ፕሮቲኖች ራሱ መሥራት ትቶ ከአልጌው ይቀበላል። ናይትሮፕላስት ተባለ። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የገባ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከማይቶኮንድሪያ ጋር ሲነጻጸር ገና የትናንት እንግዳ ነው።